አሮጌ ጀልባ ለሚገዙ አባወራዎች

በአንገር ጉቲን የሚኖር አባወራ፥ ሌላ ሰው የነዳትን ባለ ክፍል የሞተር ጀልባ ለቤተ ሰቡ ሊገዛ ቢያስብ፥ ከጀልባይቱ አስቀድሞ ውሃውን ይምረጥ እንላለን። የአንገር ወንዝ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጐድላልና፥ ከባድ ጀልባ ከድንጋይ ላይ ልትቀር ትችላለች። በሆሮ ጉዱሩ ያለው፥ ግድቡ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተፈጸመው የፊንጫአ ሐይቅ ግን ሰፊ ነው።

አዲስ ቀለምና የክፍሏ መጋረጃ ገዢውን አያታልሉት። ከውሃ አስወጥቶ ሆዷን ይመርምር፤ እንጨቷ ለቢላዋ ጫፍ ከለሰለሰ በስብሷል። ሞተሯንም ሳይሞቅ ያስነሣው፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ጉድለቱን ይሸሽጋልና። ኋላም ቤተ ሰቡን በሚያህል ሸክም በውሃ ላይ ይፈትናት። ለጥገናና ለየልጆቹ መንሳፈፊያ ሰደርያ ገንዘብ ካልተረፈው ግን፥ ግዢውን ለከርሞ ያቈየው።