ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ሥጋ ደዌ

ሕመም ሁሉ ክፉ ነው፤ ይልቁንም ሰው አፍሮ የሚሸሽገው ሕመም እጅግ የከፋ ነው። የተሸሸገውን ሕመም ሐኪም አያየውም፤ ሐኪም ያላየውም ሕመም ከባለቤቱ አልፎ ወደ ቤተ ሰብና ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያገራችን ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል።

ዛሬ ልናመለክት የፈለግነው ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ሥጋ ደዌ ነው። እነዚህ ሕመሞች መልካቸው የተለያየ ቢሆንም፥ የሚያመጧቸው ተሕዋስያን ማይኮባክቴሪያ የሚባል የአንድ ወገን ዘር ናቸው። የሥጋ ደዌውን የኖርዌይ ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1865 ዓ.ም.፥ የነቀርሳውን የጀርመኑ ሊቅ ሮበርት ኮኽ በ1874 ዓ.ም. አግኝተው ገለጡ። ስለዚህ ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ወይም በመርገም የሚመጣ አለመሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ጦር ኃይሎች በሚገኝበት በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ የአለርት ሆስፒታል አለ። ይህ ስፍራ አስቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው የሚቀመጡበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ግን ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች ሕክምናውን የሚማሩበት ሆነ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተመሠረተ። ሰው ይሸሸው የነበረው ስፍራ እውቀት የሚቀዳበት ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ታክሲ ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስለው፥ ሌሊት የሚያልበው፥ ሰውነቱም የሚከሳ ቢኖር፥ ሳይውል ሳያድር አክታውን ያስመርምር። ባለሙያው አክታውን ቀይ ቀለም ነክሮ በአሲድ ሲያጥበው፥ ሌላው ተሕዋስ ቀለሙን ሲለቅ የነቀርሳው ግን ስለማይለቅ በማይክሮስኮፕ ይለያል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለውም መሣሪያ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው፥ ተሕዋሱን በሁለት ሰዓት ያህል ይለያል፤ ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒት የማይበገርም እንደ ሆነ ያስታውቃል። ነቀርሳ በአንገት ዕጢና በአከርካሪ አጥንትም ይወጣል። የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ የቆዳ ላይ ነቁጥ ነው። ጅማቱ ሳይደነዝዝ የታከመ ሰው እጅና እግሩ ይተርፍለታል።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል። የተለመደው ነቀርሳ በ6 ወር፥ ሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ትልቁ አደጋ ግን ይህ ነው፤ ሕመምተኛው በሁለት ወር ውስጥ ሲሻለው ዳንሁ ብሎ ያቋርጣል፤ የተረፈውም ተሕዋስ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሕክምናው ይከብዳል፤ ለሌላውም የሚያስተላልፈው ያንኑ የማይበገረውን ነው።

ካህናት ሆይ፥ ወደ ጠበል የሚመጣውን ሕመምተኛ መድኃኒትህን ይዘህ ና በሉት እንጂ ተወው አትበሉት። በኦሪት ዘሌዋውያን ካህኑ የለምጹን ምልክት መርምሮ ሰውን ከሰፈር እንዲለይ የታዘዘውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። የዚያ ለምጽ ዛሬ ሥጋ ደዌ ከምንለው ጋር በእርግጥ አንድ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በሚከተለው ምዕራፍ ያው ካህን ወደ ውጭ ወጥቶ የዳነውን አይቶ ወደ ወገኑ እንዲመልሰው ታዟል፤ እኛም የመለየቱን ትእዛዝ ይዘን የመመለሱን ረሳን።

ሹማምንትም በመሥሪያ ቤታችሁ የሚያስለውን ሠራተኛ ከሥራ ለማሰናበት አትቸኩሉ፤ እንዲመረመር ፈቃድ ስጡት፥ ታክሞም ሲመለስ ወንበሩን ጠብቁለት። እንጀራውን እንዳያጣ የፈራ ሰው ሳሉን ይደብቃልና፤ የተደበቀውም ሳል ነገ የእኛን ልጆች ይነካል።