ከትራስ ሥር ያለው ክኒን

በፈተና ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በሴቶች ዶርም ተደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፦ «ማስታገሻ ያላት?» ጠያቂዋ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠፍንጋ አስራለች። መብራቱ አስጠልቷታል፤ የጓደኞቿ ሹክሹክታ እንኳ ራሷን ይወቅራታል። አንዷ ከትራሷ ሥር ፓራሲታሞል ታወጣለች፤ ሌላዋ ለወገቧ ከታዘዘላት ዳይክሎፌናክ ሁለት ፍሬ ታካፍላለች። ሕመሙ ጋብ ሲል ቸከላው ይቀጥላል።

እንዲህ ያለው ሕመም ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ማይግሬን ደግሞ ብርቅ በሽታ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤት ለቤት ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመቶ ዐዋቂዎች 18 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል። የሚበጀው በሰዓቱ መተኛትና በሰዓቱ መብላት ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሌሊቱ በቡና ይነጋል፣ ቁርሱ በእንቅልፍ ያልፋል፤ በማግስቱ ቡናው ሲቀር ደግሞ መቅረቱ ራሱ ያሳምማል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክኒኑ ራሱ ነው። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ የማይግሬን ታማሚ ሌላ ሕመም ሊያተርፍ ይችላል፤ ማስታገሻ በማብዛት የሚመጣ ራስ ምታት። ካፌይንና ኤርጎታሚን ላለባቸው ድብልቅ ክኒኖች ወሰኑ በወር 10 ቀን ነው። የክኒኑ ኃይል ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ ተማሪዋ ማይግሬኗ የባሰባት መስሏት ሌላ ትውጣለች። ከዚህ አዙሪት መውጫው በሐኪም ክትትል ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ይሻላቸዋል።

ከጓደኛ የተገኘ ክኒን ሌላም ጣጣ አለው። ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ሊያቆስል ይችላል። ኤርጎታሚን ከክላሪትሮማይሲን ወይም ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የደም ሥሮችን አጥብቦ እጅና እግርን ደም እስከ መንሳት ይደርሳል። ድንገት የጀመረና ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት ከሆነ ደግሞ ማስታገሻ ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳቱና የአንገት መገተሩ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አገራችን የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው ክልል ውስጥ ናት፤ ተማሪው ደግሞ በአንድ ክፍል ታጭቆ ያድራል።

ተማሪዎቹን መውቀስ አልፈልግም። «ተሰልፌ ብውልም የሚሰጡኝ ያው ፓራሲታሞል ነው» የሚሉት ያዩትን ነው። የግቢ ክሊኒኮች «በወር ስንት ቀን ያምሻል? ስንት ቀን ክኒን ትወስጃለሽ?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። ሕመሙ ለሚመላለስባቸው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ፣ በየቀኑ እየተወሰዱ አስቀድመው የሚከላከሉ የቆዩ መድኃኒቶች አሉ። ግን ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም፤ ስለዚህ ይህም ከዶርም ጓደኛ የሚወሰድ አይደለም።

ዛሬ ማታ ክኒን የምትውጪ እህቴ፣ የምትውጥ ወንድሜ፦ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የሚቆጠረው የክኒኑ ፍሬ ሳይሆን ቀኑ ነው። በአንድ ወር ውስጥ 10 ከደረሰ መዝገቡን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ።