ዋግን የሚመክት ዘር ስንት ያወጣል?

ዓለም ባንክ ሰፈር ከዳቦ ቤት ደጃፍ የቆመ ሸማች የዳቦውን ዋጋ ከነዳጅ፣ ከምንዛሪና ከዱቄት እጥረት ጋር ያያይዘዋል። ልክ ነው። ስንዴው ራሱ በሽታን የሚመክትበት አቅም ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ አይታይም። ያ አቅም እስካለ ድረስ ገበሬው ዋግ ለተባለው የፈንገስ በሽታ መከላከያ ኬሚካል ገንዘብ አያወጣም፤ አገሪቱም ለኬሚካሉ ዶላር አትፈልግም። የከዳ ዕለት ግን ዕዳው በአንድ መኸር ይቆለላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ይኸው ነው። በሰፊው ይዘሩ የነበሩት የስንዴ ዝርያዎች ኩብሳና ጋለማ በቢጫ ዋግ ተመቱ። ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ሲጠቃ፣ ለኬሚካል ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ብዙ ገበሬም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው የዲገሉ ዝርያ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አወደመው፤ አንዳንዱ ማሳ ለአጨዳ እንኳ አልበቃም። በሁለቱም ጊዜ መከላከያውን የሰበረው የተለወጠ ፈንገስ ነበር።

ሙቀት የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ የከፋ ነው፤ ፈንገሱ ሳይለወጥም ሰብሉ ሊረታ ይችላል። ኤስአር6 የተባለው የግንድ ዋግ መከላከያ ጂን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደህና ይሠራል፤ ሙቀቱ ከ25 ሲያልፍ ይዳከማል። በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናትም፣ አራቢዶፕሲስ በተባለች የቤተ ሙከራ ተክል ላይ፣ በ28 ዲግሪ ለበሽታ መከላከያ የሚያስፈልገው የሳሊሲሊክ አሲድ ምርት እንደሚታፈን አሳይቷል። ደግነቱ ሁሉም ጂን እንዲህ አይደለም። ከዱር ስንዴ የተገኘው ዋይአር36 ቢጫ ዋግን የሚመክተው ሲሞቀው ነው። መምረጥ ይቻላል ማለት ነው።

ምርጫው አሁን ያስቸኩላል። ስንዴያችን ከአርሲ ደጋ ወርዶ በመስኖ አዋሽ ሸለቆ ገብቷል። በአርሲው ኩሉምሳ ቅዝቃዜ ጸንቶ የታየ ዝርያ በአፋር ሙቀትም ይጸናል ብሎ መገመት በሕዝብ ገንዘብ መወራረድ ነው። እኔ የምርምር ማዕከላትን በጀት እንደ ድጎማ ማየታችንን አልቀበልም፤ አዲስ ዝርያ ማውጣትና ዘሩን ቶሎ ማባዛት እንደ ግድብና እንደ መንገድ ካፒታል ነው፤ ካልታደሰ ያረጃል። ሰፊ መሬትን በአንድ ዝርያ መሸፈንም ሀብትን ሁሉ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የስንዴ ዕቅድ ሄክታርና ኩንታል ሲቆጥር፣ የሚዘራው ዝርያ በስንት ዲግሪ ሙቀት ከዋግ ጋር እንደተፈተነ አብሮ ይጻፍ፤ ዘር የሚገዛውም ገበሬ ያንን ቁጥር የመጠየቅ መብት ይኑረው።