ከኮምፕሬሰሩ በፊት፦ የባጃጅና የጎማ ጥገና በመሸንቲ ግቢዎች

ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው መሸንቲ ኑሮዋ ከመንገድ ጋር የተሳሰረ ነው። በዋናው መንገድ የሚያልፉት አይሱዙና ሲኖትራክ አሮጌ ጎማ የተሰቀለበትን ስፍራ አይተው ይቆማሉ፤ ጎሚስታ እዚያ እንዳለ ለማወቅ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም። ወደ ሰፈር ዘልቆ የሚገባው ግን ሌላው ነው፦ ባጃጅ፣ ሳይክል፣ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ሞተር፣ የፈረስ ጋሪ፣ የግንበኛ የእጅ ጋሪ። ትልልቅ ጋራዦች ይህን ሥራ አይፈልጉትም፤ ባለቤቱም ለአንድ ቀዳዳ ብሎ ባሕር ዳር ድረስ ቢሄድ አያዋጣውም። በግቢ ውስጥ ወይም በአጥር ጥግ የሚከፈት አነስተኛ የጥገና ቤት ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልመው ኮምፕሬሰር ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ቸርኬው ነው፤ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ደግሞ የአየር መለኪያ።

የባጃጅን ቸርኬ ለመረዳት ባጃጅ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የጣሊያኑ ፒያጆ ቬስፓ የተባለውን ስኩተር ያወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነበር። ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለነበር የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያዝ አደረገው። ፋብሪካው በ1948 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ስኩተር ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ሠራ። የሕንዱ ባጃጅ አውቶ ደግሞ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሩን በአገሩ ማምረት ጀመረ። ዛሬ መሸንቲ ውስጥ ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ የዚያ ዘር ነው፦ ሞተሩ ከኋላ፣ ማርሹ በመሪው እጀታ ላይ፣ ጎማው ትንሽ። ስለዚህ ስኩተር መጠገን የተማረ ሰው ባጃጅ አይከብደውም፤ ባጃጅ የለመደም ስኩተር ሲመጣለት አይደነግጥም።

በባጃጅ ጎማ ላይ 4.00-8 የሚል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። የግንበኛ የእጅ ጋሪ ጎማም በብዛት በዚሁ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ላይ ስለሚገባ ርካሹን የጋሪ ጎማ ባጃጅ ላይ መግጠም ይቻላል። ግን መደረግ የለበትም። የእጅ ጋሪ ጎማ የሚሠራው በሰው እርምጃ ፍጥነት ለሚገፋ ጭነት ነው፤ ሦስት ተሳፋሪ ይዞ በአስፋልት ላይ ለሚሮጥ ባጃጅ የሚበቃ ንጣፍ የለውም። አዲስ ጎማ ሲገዛ ደግሞ ከጎኑ ያሉትን አራት አሃዞች ማንበብ ተገቢ ነው። 2419 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ለዓመታት የከረመ ጎማ ሲያብረቀርቅ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ወደ ቸርኬው ስንመለስ የባጃጅና የድሮ ስኩተር ቸርኬ ሁለት ግማሾች በብሎን ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ጎማውን በመፈልቀቂያ ብረት ከመታገል ይልቅ ግማሾቹን ለያይቶ ማውጣት ስለሚቻል ለመንገድ ዳር ጥገና የተመቸ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ አለ። በቸርኬው ላይ ሁለት ዓይነት ዳዶዎች አሉ፤ አንዶቹ ቸርኬውን ከተሽከርካሪው ጋር፣ ሌሎቹ ግማሾቹን እርስ በርስ የሚያስሩ ናቸው። ጎማው በአየር ተወጥሮ ሳለ ሁለተኛዎቹ ዳዶዎች ከተፈቱ ግማሹ ብረት በአየሩ ግፊት ተፈናጥሮ ፊት ወይም እጅ ይመታል። ስለዚህ የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ግልጽ ነው፦ የቫልቮላው ነፍስ ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ ግማሾቹን የያዘ ዳዶ አይነካም። ተለማማጅ ልጅ ወደ ሥራ ሲገባ ከሁሉ በፊት ይህ ሊነገረው፣ ሲሠራም ሊታይ ይገባል። ሲገጠም ደግሞ ከመነዳሪው በሁለቱ ግማሾች መካከል እንዳይቆነጠጥ ትንሽ አየር ተሰጥቶት ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው ብሎኖቹ በተራ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቁ የሚጠበቁት።

ጥሩ ጎሚስታ ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ያነበዋል። ከመነዳሪው በሳፋ ውሃ ውስጥ ሲጠመቅ አረፋው የት እንደሚወጣ አይቶ ምክንያቱን ይለያል። በውጭው ወገን አንዲት ቀዳዳ ካለች ሚስማር ወይም ከአጥር የወደቀ እሾህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከታየ ከመነዳሪው በድንጋይ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል፤ ይህም ጎማው አየር አንሶት ሳለ ኮብልስቶን ላይ መነዳቱን ይናገራል። ቀዳዳው በቸርኬው ወገን ከሆነ ዝገት ወይም በሳይክል ላይ ከሆነ የወጣ የቸርኬ ሽቦ ጫፍ አለ። በቫልቮላው ሥር የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ጎማው አየር አጥሮት በቸርኬው ላይ ተንሸራቷል። ከእነዚህ አራት ምክንያቶች ሁለቱ የአየር ማነስ ውጤት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ደንበኛው ጎማው የተበሳበት ምክንያት ሲነገረው የሚቀጥለውን ብልሽት መከላከል ይችላል፤ ያልተነገረው በሳምንቱ ተመልሶ ጠጋኙን ይወቅሳል።

አለጣጠፉ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ብዙ ልጣፍ የሚነሳው ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ስለሚለጠፍ ነው፤ በጣት ሲነካ የማይዝ እስኪሆን ድረስ ደቂቃዎች መስጠት ይገባል። ሌላው መንገድ ጥሬ ላስቲክ አድርጎ በመጭመቂያ ብረት ሥር በእሳት ማብሰል ነው። ላስቲክ ከድኝ ጋር ሲጋል ጸንቶ እንደሚቀር አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ያገኘው በ1839 እ.ኤ.አ. ሲሆን በየመንገዱ የሚነደው ትንሽ እሳት የሚሠራውም ያንኑ ሥራ ነው። ሙቀቱ ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ይበስላል፤ ሲያልፍ ከመነዳሪውን ያሳርረዋል። ከመነዳሪው ወደ ጎማው ከመመለሱ በፊት ውስጡን በጨርቅ መዳበስ ግዴታ ነው፤ የበሳው እሾህ ብዙ ጊዜ አሁንም እዚያው ተቀምጧል። ጎማውን ለማስገባት የተቃጠለ ዘይት መቀባት መጥፎ ልማድ ነው፤ ዘይት ላስቲክን ይበላል። የሳሙና አረፋ ይበቃል።

የአየሩ ነገር ከከፍታው ጋር ይያያዛል። ባሕር ዳርና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በእጅ ፓምፕ የሚነፋ ሰው እያንዳንዱ ምት አንድ አምስተኛ ያነሰ አየር ስለሚያስገባ ብዙ ይደክማል፤ «ደክሞኛልና በቅቶታል» ብሎ መፍረድ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ጎማን በአውራ ጣት ጫን ብሎ ወይም በእርግጫ መትቶ መገመትም እንዲሁ ያታልላል፤ ወፍራም ጎማ አየር ቢያንሰውም ጠንካራ ይመስላል። የተራራ ሳይክል ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ባጃጅና ሞተርም የየራሳቸው ልክ አላቸው፣ የፊቱና የኋላውም ይለያያል። ኪስ የምትገባ መለኪያ ይህን ሁሉ በሰከንድ ትመልሳለች። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ መሆኑን ግድግዳ ላይ መጻፍ ደግሞ በሁለቱም መስፈሪያ ለሚመጣ ደንበኛ መልስ ይሰጣል።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር ደግሞ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁን ያበዛል። ካንዴላው በጥላሸት ጠቁሮ ሲገኝ ሞተር ከማውረድ በፊት የአየር ማጣሪያውንና የካርቡሬተሩን ልክ ማየት የደንበኛን ገንዘብ ያድናል። አሁን በብዛት የሚታየው ባለ አራት ምት ባጃጅ 200 ሲሲ ያህል ነው፤ ዘይቱ ለብቻው ይቀየራል። የድሮው ባለ ሁለት ምት 145 ሲሲ ግን ዘይቱ ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚነድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ጠጋኝ ሞተር ያበላሻል። ለጀማሪ የግቢ ጥገና ግን ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፊሎ ማስተካከል፣ ኩሽኔት ግራሶ መቀባት በቂ ሥራ ነው። ካምቢዮ መክፈት ለባሕር ዳሩ ባለሙያ ቢተው ይሻላል።

ለዚህ ምን ያህል ቦታ ይበቃል? ባጃጅ ርዝመቱ 2.6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.3 ሜትር ያህል ስለሆነ አራት በአምስት ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጥላ አንዱን አቁሞ ዙሪያውን ለመሥራት ያስችላል። ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ይልቅ ገንዘቡ ወለሉ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። የአካባቢው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ የአፈር ወለል በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ ክሪክ ጭቃ ላይ ሰምጦ ሲያጋድል ተሽከርካሪው ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። ባጃጅን በእጅ አጋድሎ በጎኑ ማስተኛት የተለመደ ነው፤ ቤንዚኑና የባትሪው አሲድ እንደሚፈስ ግን አይታሰብም። ክሪክና ሁለት ጠንካራ የእንጨት ጉማጆች ይህን ያስቀራሉ። ከዚያ የሚያስፈልገው ሞርሳ፣ የብሎን መፍቻ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፈልቀቂያ ብረት፣ ሳፋ፣ የእግር ፓምፕ። ኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኮምፕሬሰር ሲገዛ መብራቱን ማየት ያስፈልጋል። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን የሚስበው ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክም መነሳት አቅቶት ይቃጠላል። ከጋኑ ግርጌ ያለው መክፈቻ በየማታው ካልተከፈተ በክረምቱ እርጥበት የሚጠራቀመው ውሃ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ግድግዳው የሳሳ ጋን ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌ በርሜልን የአየር ጋን ማድረግ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስኩተሮችና ባለ ሦስት እግሮች እየታዩ ነው። ለጎሚስታው አዲስ ነገር አላቸው፦ በብዙዎቹ ስኩተሮች ሞተሩ የኋላው ቸርኬ ውስጥ ስለሆነ ጎማ ለመቀየር መጀመሪያ የኤሌክትሪኩ ገመድ በጥንቃቄ ይፈታል። ከመነዳሪ የሌላቸው ቱብለስ ጎማዎች ስለሚበዙባቸውም የልጣፉ ዘዴ ይለያል።

በግቢ የሚሠራ ሰው ቤተሰቡም ከሥራው ጋር ይኖራል። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀመጠው ቤንዚን ልጆች በሚተኙበት ቤት መግባት የለበትም፤ ልጣፉ የሚበስልበት እሳትም ከቤንዚኑ መራቅ አለበት። የተቃጠለ ዘይት አጥር ሥር ሲደፋ በክረምት ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ዓባይና ጣና ነው። ጣና ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ዘይቱን በክዳን ጀሪካን ማጠራቀም ምንም አያስወጣም። ውጭ የተከመረ ጎማ ውሃ ሲይዝ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ይራባበታል፤ በረባሶ ለሚሠራው ወይም ጭነት ማሰሪያ ለሚቆርጠው ቶሎ ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሙያው በአብዛኛው የሚወረሰው ከሰው ወደ ሰው ነው። ባሕር ዳር ግን በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ተቋም የተከፈተባት፣ ዛሬም የቴክኒክ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። መሸንቲ ከደጃፏ ነች። የአውቶሞቲቭ መምህራን በክረምት ዕረፍት ለጥቂት ቀናት ወጥተው ስለ ሁለት ግማሽ ቸርኬ፣ ስለ አየር ጋንና ስለ ቤንዚን አያያዝ ቢያስተምሩ ዕውቀቱ በእጃቸው ለሚሠሩት በቀጥታ ይደርሳል። ብድር የሚሰጡ ተቋማትም ለኮምፕሬሰር ገንዘብ ሲፈቅዱ የአየር መለኪያና የዓይን መከላከያ መነጽር አብረው እንዲገዙ ቢጠይቁ መልካም ነው። ባለ ባጃጆች ሆይ፣ እናንተም ጎማ ስታስነፉ «ስንት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥር የማይነግራችሁ ጎሚስታ ገና መለኪያ አልገዛም።