«ታሪክህ ጥሩ አይደለም» ለተባለ ሰው፦ በጅቡቲ የባንክ ሂሳብ ስለመክፈት

በነፃ የንግድ ቀጠናው በር ላይ ጠዋት ጠዋት ከሚሰበሰቡት የቀን ሠራተኞች መካከል አማርኛ የሚናገር አይጠፋም። ከአሊ አዴ የመጣ አለ፣ ከሆል ሆል የመጣ አለ፣ ባልባላ ቤት ተከራይቶ የሚኖርም አለ። ለአንድ ቀን ኮንቴይነር ማራገፍ የሂሳብ ቁጥር የሚጠይቅ የለም፤ ማታ በጥሬው ተቀብሎ መሄድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲሻሻል ነው። ኩባንያው ሰውየውን ወዶት በወር ደመወዝ ልቅጠርህ ሲለው «የባንክ ሂሳብ ቁጥርህን አምጣ» ይባላል። ባንክ ይሄዳል። እዚያ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ «አይቻልም፣ ታሪክህ ጥሩ አይደለም» ይለዋል። በሳምንቱ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ቀጠናው ስል አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የቀድሞው ነፃ ቀጠና አለ፤ በጁላይ 2018 የተመረቀው፣ ሲያልቅ 4,800 ሄክታር ይሆናል የተባለው ትልቁ ደግሞ አለ። እኔ ከመጋዘኖቹ በአንዱ ዕቃ መዝጋቢ ነኝ። ፈረንሳይኛ ትንሽ ስለምሞክር ከባንክ የተመለሰ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ብዙ ወረቀት ካየሁ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ባንክ «ታሪክ» የሚላት ቃል በውስጧ ብዙ የተለያየ ነገር እንዳለ ነው። አንዱ ዕዳ ነው፣ አንዱ ቼክ ነው፣ አንዱ ደግሞ ምንም ታሪክ አለመኖሩ ነው። መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ባንክ ለባንክ መዞር ጫማ መጨረስ ብቻ ነው። ስለዚህ «አይቻልም» ስትባሉ አትቆጡ፣ አትለምኑም። «እባክዎ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። በጽሑፍ አልሰጥም ካለ የሠራተኛውን የሥራ ኃላፊነት፣ ቀኑንና የተናገረውን ቃል እዚያው ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

በእኔ የደረሰው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ድሮ የሠራሁበት አነስተኛ ድርጅት ለሠራተኞቹ በሙሉ በአንድ ባንክ ሂሳብ ከፍቶልን ነበር። ድርጅቱ ተዘግቶ ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ደመወዝም ቀረ። ሂሳቡ ግን አልተዘጋም። በጅቡቲ ያሉ ብዙ ባንኮች አሠራራቸው የፈረንሳይ ዓይነት ነው፤ ሂሳብ ዝም ብሎ ቢቀመጥም የአገልግሎት ክፍያ በየጊዜው ይቆረጥበታል። ያለው ገንዘብ ሲያልቅ ቁረጣው አይቆምም፣ ወደ ታች ይወርዳል። አዲሱ አሠሪዬ የሚከፍለው በዚያው ባንክ በኩል ስለነበር ስሄድ ከስሜ ፊት 14,200 ፍራንክ ዕዳ ተጽፎ ቆየኝ። በዶላር 80 ገደማ ነው። (ለአዲስ ገቢዎች፦ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ፤ ከዓመት ዓመት አይለወጥም።) አንድ ፍራንክ ሳልበደር ተበዳሪ ሆንኩ ማለት ነው።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ በመጀመሪያ «ሬለቬ» ጠይቁ። የሂሳቡን ገቢና ወጪ በቀን በቀኑ የሚያሳይ ወረቀት ነው። እሱ ላይ የመጨረሻው ደመወዝ መቼ እንደገባ ይታያል፣ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ሁሉ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ መሆኑም ይታያል። ያንን ይዛችሁ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አጭር ማመልከቻ ጻፉ፦ ሂሳቡን የከፈተው አሠሪው እንደሆነ፣ ሥራው መቼ እንደቆመ፣ ክፍያው እንዲቀነስላችሁ፣ የቀረውን በሁለት በሦስት ጊዜ እንደምትከፍሉ። ለእኔ ከፊሉን ቀንሰውልኛል፣ ቀሪውን በሁለት ወር ከፈልኩ። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገንዘቡን ከፍላችሁ በባዶ እጅ አትውጡ። የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ማለትም «ኪታንስ»፣ ሂሳቡ ከተዘጋም «አቴስታሲዮን ደ ክሎቱር» የሚባለውን የመዝጊያ ማረጋገጫ በማኅተም ተቀበሉ። ነገ ሌላ ሠራተኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ዕዳ ቢያነብባችሁ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው።

ቼክ ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ከበድ ይላል። አገር ቤት ነጋዴ የነበሩ አሉ፤ ግጭት ሲመጣ ሱቃቸውን ጥለው ሲወጡ የጻፉት ቼክ ስንቅ አጥቶ የተመለሰባቸው። በኢትዮጵያ ደረቅ ቼክ የባንክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 693 ያስቀጣበታል፣ ባንክም ሂሳቡን ይዘጋል። በፈረንሳይ አሠራር ደግሞ ቼኩ የተመለሰበት ሰው «ኤንተርዲ ባንኬር» ይባላል፣ ቼክ ከመጻፍ ይታገዳል፤ በፈረንሳይ አገር ዕዳው ካልተከፈለ እገዳው 5 ዓመት ይቆያል፣ ከተከፈለ ግን ያኔውኑ ይነሳል። ልብ በሉ፣ እገዳው ቼክ ከመጻፍ ነው። ለደመወዝ የሚሆን ሂሳብ ቼክ አያስፈልገውም። ስለዚህ ስትጠይቁ «የቁጠባ ሂሳብ፣ ያለ ቼክ ደብተር፣ ያለ ብድር» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ባንኩ የሚፈራው ገንዘቡን እንዳያጣ ነው፤ ከዜሮ በታች የማይወርድ ሂሳብ ላይ የሚያጣው ነገር የለውም።

«አገር ቤት ያለብኝ ዕዳ እዚህ ይከተለኛል ወይ?» የሚለው ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ነው። የብድር መረጃ መዝገብ የየአገሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ሥር የብድር መረጃ ማዕከል አለ፤ የሚያገለግለው እዚያ ላሉ አበዳሪዎች ነው። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ባንኮች ሲዘጉ ሂሳባቸው የታገደባቸው ወገኖችም ይህን ይጠይቁኛል። ያ እገዳ በጅምላ የመጣ ነው፣ የግለሰብ ጥፋት ስላልሆነ ማንም ባንክ ፊት አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። በ2020 የብር ኖት ሲለወጥ አሮጌውን በሦስት ወር ውስጥ ቀይሩ የተባለውን እዚህ ሆነው ያልቀየሩም እንደዚሁ፤ ከስረው ይሆናል እንጂ ታሪካቸው አልተበላሸም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንዳንድ ባንክ «ከአገርህ ባንክ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ወይም «ኤምባሲህ ያረጋግጥልህ» ይላል። ለሥራ በፓስፖርት ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነው። ከመንግሥት ሸሽቶ ለወጣ ስደተኛ ግን አይደለም። ኤምባሲ መሄድ ያለበትን ቦታ ማሳወቅ ነው፣ በስደተኝነት ጉዳዩም ላይ ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል። ጅቡቲ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ስደተኛ ከሸሸበት አገር ባለሥልጣን የሚያስፈልገው ወረቀት ሲኖር፣ የተጠለለበት አገር ባለሥልጣናት ያንን የሚተካ ወረቀት እንዲሰጡት ይላል። ስለዚህ ባንኩ ደብዳቤ ሲጠይቃችሁ የምትሄዱት ወደ ኦናርስ ነው፤ «ይህ ሰው በእኛ የተመዘገበ ስደተኛ ነው፣ ከአገሩ ማስረጃ እንዲያመጣ ሊጠየቅ አይገባም» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ወጥቷል፣ መብቶቹ እንዴት እንደሚፈጸሙ የሚዘረዝሩት ደንቦች ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር፤ የመሥራት መብትም አለበት። ባንክ ውስጥ ያለው ልጅ ሕጉን ላያውቀው ይችላል። የሕጉን ቅጂ ከኦናርስ ወይም ከዩኤንኤችሲአር ቢሮ ጠይቃችሁ አንድ ኮፒ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ኢትዮጵያም ብትሆን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ 1110 እሷ ጋ የተጠለሉት ስደተኞች በስደተኛ መታወቂያቸው የባንክ ሂሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዳለች። እኛ ተሰደን እዚህ የምንለምነውን ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚመልሰው ግን ዕዳም ቼክም አይደለም፣ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የፈረንሳይኛው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ ጸሐፊው የአያትን ይወስዳል፣ ሌላው ቢሮ የአባትን ይወስዳል፣ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ። ፊደሉም አለ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ች» ተብሎ የገባው በፈረንሳይኛ «ሽ» ተብሎ ይነበባል፤ ጌታቸው የነበረው ሰው ሌላ ቢሮ ሲደርስ ጌታሸው ሆኖ ይጻፋል። ኃይለማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት። የልደት ዘመን ደግሞ ይብሳል፦ በእኛ አቆጣጠር 1985 የተወለደ ሰው ዘመኑን ሳይቀይሩለት ከተመዘገበ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ባንክ በስደተኛ መታወቂያችሁ፣ በሥራ ውላችሁና በቀጠናው መግቢያ ባጃችሁ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ «መረጃው አይገናኝም» ይላል፤ በሰው አፍ ግን «ታሪክህ» ተብሎ ይመጣል። መሐመድ፣ አሊ፣ አሕመድ የሚባሉ ወንድሞቻችን ደግሞ ስማቸው በዓለም አቀፍ የማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ጋር ይመሳሰልባቸዋል። ሙሉ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታና የእናት ስም ከነአያቷ የተጻፈበት ወረቀት ካለ ይለያል። ስለዚህ ባንክ ከመሄድ በፊት ወረቀቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ የተሳሳተውን ኦናርስ ያርምላችሁ። የሥራ ውሉን ግን አሠሪው እንዲያስተካክል መጠየቅ ይቀላል፤ መታወቂያ ከሚታረም ውል ቢታረም ይፈጥናል።

ምንም ታሪክ ለሌለው ሰው፣ ሕይወቱን በሙሉ በጥሬ ገንዘብና በእቁብ ለኖረ፣ ትልቁ ዋስ የአሠሪው ደብዳቤ ነው። የሥራ ውሉን፣ የደመወዙን መጠን፣ በየወሩ በዚህ ሂሳብ እንደሚገባ የሚገልጽ፣ የኩባንያው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ራሱ በሚሠራበት ባንክ፣ ከኩባንያው የሂሳብ ሠራተኛ ጋር አብራችሁ ሂዱ። ብቻውን ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ከሂሳብ ሠራተኛዋ ጋር ሄዶ በአንድ ጠዋት ሲከፍት አይቻለሁ። አያምርም፣ ግን እውነት ነው።

ሂሳቡ እስኪገኝ ደመወዝ እንዴት ይምጣ? የጅቡቲ ቴሌኮም «ዲ-መኒ» አለ፣ በስልክ መቀበልና መክፈል ይቻላል፤ ሲም ካርዱ በራሳችሁ ስም መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ለትንንሽ ቁጠባ «ኬስ ፖፑሌር» የሚባለውን የቁጠባና ብድር ተቋም መጠየቅም ይቻላል፤ እዚያ በሥርዓት ያስቀመጣችሁበት ደብተር ነገ ለባንክ የምታሳዩት ታሪክ ይሆናል።

በሰው ሂሳብ መቀበል ግን ይቅርባችሁ። ቀጠናው ውስጥ ጽዳት የምትሠራ አንዲት እህታችን አምስት ወር ደመወዟ በምታውቀው ሰው ሂሳብ ሲገባ ቆየ። ሰውየው መጀመሪያ በሰዓቱ ይሰጣት ነበር፣ ቀጥሎ ማዘግየት አመጣ፣ በመጨረሻም በሁለት ወር ደመወዟ ከአገር ወጣ። ኩባንያው «እኛ ከፍለናል» አለ፣ ወረቀቱም እንደዚያ ነው የሚለው። ክስ ለማቅረብ ገንዘቡ የእሷ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ የላትም። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፦ ሂሳብ ያላችሁ ሰዎች ለሌላ አታውሱ። በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚያሻግሩ ደላሎች የሰው ሂሳብ ይፈልጋሉ፣ «ዘመድ ገንዘብ ሊልክልኝ ነው» ብለው ይጠይቃሉ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሲመረመር የሚጠየቀው ባለ ስሙ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ በማመልከቻ አይጠፋም።

ሦስተኛ አገር የምትጠብቁ፣ እዚያ ስትደርሱ ነገሩ ይለያል። በካናዳ ሥራ ባይኖራችሁ፣ የምታስገቡት ገንዘብ ባይኖራችሁ፣ ኪሳራ አውጃችሁ የምታውቁ ብትሆኑ እንኳ ተገቢ መታወቂያ ካላችሁ ባንክ ሂሳብ የመክፈት ግዴታ አለበት፤ እምቢ ካለም በጽሑፍ ያሳውቃል። በጀርመን ከጁን 2016 ጀምሮ «ባዚስኮንቶ» የሚባል መሠረታዊ ሂሳብ አለ፣ ጥገኝነት ጠያቂም ይገባዋል፣ መጥፎ የ«ሹፋ» መዝገብ መከልከያ አይሆንም፣ ባንኩም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። በፈረንሳይ የከለከላችሁን ባንክ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ባንክ ደ ፍራንስ ብትሄዱ እሱ ራሱ አንድ ባንክ ይመድብላችኋል። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ መብት የለም፤ «ቼክስሲስተምስ» የሚባል መዝገብ ያልተከፈለ የባንክ ዕዳን እስከ 5 ዓመት ይይዛል። እዚያ የተከፈተላችሁን የመጀመሪያ ሂሳብ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄዱ ዝም ብላችሁ አትተዉት።

እዚህ ጅቡቲም ከከፈታችሁ በኋላ ሁለት ነገር አስታውሱ። የስደተኛ መታወቂያችሁ የሚያበቃበትን ቀን ባንኩ መዝግቦታል፤ ቀኑ ሲያልፍ ሂሳቡ ሊታገድ ይችላልና የታደሰውን ወዲያው ወስዳችሁ ኮፒ አስደርጉ። ሥራ ስትለቁ ወይም ከአገር ስትወጡ ደግሞ የመዝጊያ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ አንዱን ባንኩ ያስቀር፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙት።