አንድ ሰሌዳ ለሁለት ሜዳ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ሰሞን ይህን ምሳሌ የሚያስታውስ ጥያቄ የያዘ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በወለንጪቲ ከተማ አገኘሁ። ከደመወዙ እየቀነሰ ለብዙ ወር ባጠራቀመው ገንዘብ ስኬትቦርድ ሊገዛ አስቧል። ኑሮውና ሥራው ወለንጪቲ ነው፤ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ ከእኩዮቹ ጋር መንሸራተት ይወዳል። እንግዲህ በዚያ ለስላሳ ስሚንቶም፣ በወለንጪቲ ሻካራ መንገድም የሚያገለግል አንድ ሰሌዳ ይገኛልን? ሁለት ለመግዛት ዐቅም የለውም፤ በምርጫው ቢሳሳት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይቆጨዋል።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከስፖርቶች አንዱ ሆኖ ሜዳሊያ ተሸልሞበታል። ደግሞስ ከጋራዥ የወደቀ አሮጌ ኩሽኔታ ለቅሞ ከሳንቃ ሥር በመግጠም ቁልቁለት ያልወረደ የከተማ ልጅ ማን ነው? ሰሌዳና ኩሽኔታ ለእኛ እንግዳ አይደሉም።

የወጣቱን ጥያቄ አስቀድመው የጠየቁት በበረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1965) ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራ፤ ዛሬ ስኖውቦርድ ለሚባለው የበረዶ ሰሌዳ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ስኖውቦርድ የሚገዛ ሰው ሁለት ፍላጎት ይፈታተነዋል። ለመዝለያ በተዘጋጀ ሜዳ ለመጫወት አጠር ያለ፣ ለስለስ ብሎ የሚተጣጠፍ፣ ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት የሆነ ሰሌዳ ይመቻል። ተራራውን ሁሉ በፍጥነት ለመውረድ ግን ረዘምና ጠንከር ያለ፣ አፍንጫው ከኋላው የሚበልጥ ይሻላል። ሁለቱንም የሚሻ ሰው መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን፣ ፊቱና ኋላው እኩል ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚለያየውን ይመርጣል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በሁለቱም ፍጹም የሆነ ዕቃ አላገኘም። አስቀድሞ «አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው የት ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዚያም ወደዚያው ጥቂት ያጋድላል።

ከእኛም ወገን ይህን በሥራ ያሳየ ሰው አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) በኢጣልያ ቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ሩጫ ተወዳድሮ፣ በክረምት ኦሊምፒክ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ በረዶ አልነበረውም፤ ስለዚህ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ሮቤል በረዶው እስኪመጣ አልጠበቀም፤ መሣሪያውን ለቆመበት መሬት አስማማው እንጂ።

ወደ ወለንጪቲው ወጣት እንመለስ። ከጓደኛው የተዋሰውን ሰሌዳ ይዞ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ አብረን ሄድን። «ጋሼ፣ ይህ እዚህ አገር ይሄዳል?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ሰሌዳውን ገልብጠው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ጎማ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ጠጠር ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንተ ግን አትቆምም» አሉት። ሳቅን፤ ዋናው ቁም ነገር ግን በዚህ ቃል ውስጥ ነበር።

ስኬትቦርድ የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእንጨቱ ላይ በተሳለው ሥዕል ነው። እንጨቱ ግን ብዙ አያስጨንቅም። ወርዱ ከ20 እስከ 21 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ሁለት ጫፉ ቀና ያለ ሰሌዳ በሜዳውም በመንገዱም ያገለግላል። ጥሩው ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፤ ተራ ኮምፔንሳቶ ቀለም ተቀብቶ ሲቀርብ ግን ከጥቂት ዝላይ በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠርዙን በዓይን አስተውሎ መጣመሙንና መላቀቁን ማየት፣ ከሥር ያለውም ብረት ከእንጨቱ ወርድ ጋር መተካከሉን መለካት ይገባል።

ፈራጁ ጎማው ነው። የጎማ ጥንካሬ በቁጥርና «ኤ» በሚባለው ፊደል ይጻፋል። 99 ኤ የሆነው ጠንካራ ጎማ በለስላሳ ስሚንቶ ላይ ፈጣንና ለጨዋታ የተመቸ ነው፤ በሻካራ አስፋልት ግን ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ከ78 እስከ 87 ኤ ያለው ለስላሳ ጎማ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ በመጫወቻው ሜዳ ግን ይዘገያል። ለሁለቱም በአንድ ጎማ መኖር የሚፈልግ ሰው ቁመቱ ከ54 እስከ 56 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው 92 ኤ ገደማ የሆነውን ቢይዝ መካከለኛውን መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ የሚሻል ብልሃትም አለ። ጎማ ከሙሉ ሰሌዳ ዋጋው ያነሰ ነው፤ ለመለወጥም አራት ዳዶ መፍታት ብቻ ይበቃል። አንድ ሰሌዳና ሁለት ዓይነት ጎማ የያዘ ሰው «ሁለት ባላ ትከል» የሚለውን ምክር ፈጸመ። ለስላሳውና ትልቁ ጎማ በሚገጠምበት ጊዜ ግን ሲታጠፉ ከእንጨቱ ጋር እንዳይፋተግ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ መጨመር ያስፈልጋል።

ኩሽኔታውንም መርሳት አይገባም። የውስጥ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጮች ትልልቅ ቁጥር እየጠሩ ፍጥነቱን ያወድሳሉ፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን የአሠራሩን ጥራት እንጂ የስምጥ ሸለቆን ደቃቅ አቧራ የመቋቋም ኃይሉን አይደለም። ስለዚህ በውድ ኩሽኔታ ፋንታ ሽፋኑ ተነሥቶ የሚጸዳውን መግዛት፣ እያጸዱም ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከምርጫ ሁሉ ይቀድማል። ወለንጪቲን አቋርጦ የሚያልፈው አስፋልት ከአዳማ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው፤ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። ሰሌዳ ፍሬን የለውም። ያማረ አስፋልት ነው ብሎ እዚያ ላይ የሚወጣ ወጣት ሰሌዳ ሳይሆን ሞት መረጠ። የራስ ቁር ከሰሌዳው በፊት ይገዛ፤ ልምምዱም አስፈቅደው በሚገቡበት የስሚንቶ ግቢ ይሁን።

ወጣቱ በመጨረሻ ወሰነ። በወር አንድ ቀን ለሚያየው የአዲስ አበባ ሜዳ ሳይሆን ሃያ ዘጠኙን ቀን ለሚኖርበት ወለንጪቲ የሚሆነውን ለስላሳ ጎማ ገጠመ፤ ጠንካራውን ገንዘብ ሲያገኝ ይጨምራል። ከተረፈውም ገንዘብ የራስ ቁር ገዛ። «እንደ አገሩ ይኖሯል፤ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የተባለው ለሰሌዳ ገዢ ብቻ አይደለም። እኛም ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ የገባን ሁሉ ከሩቅ አገር ያየነውን መልካም ነገር ስናመጣ፣ ሥዕሉን ትተን ጎማውን፣ ከጎማውም ይልቅ የምንቆምበትን መሬት አስቀድመን እንመልከት።