ሳይታወቁ የሚያልፉት ሳምንታት

ለእርግዝና ክትትል የመጣችን ሴት አዋላጇ ቀድማ ከምትጠይቃት ነገር አንዱ የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበት ቀን ነው። የእርግዝናው ቆጠራ ከዚያ ይነሣል። መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፤ በዚያ ቀን ሴትየዋ ገና አልጸነሰችምና። የምትጸንሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ነው። ሆኖም የተጸነሰበትን ሰዓት አይቶ የሚመሰክር የለም፤ የወር አበባው ቀን ግን ይታወቃል። ስለዚህ የአራት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ ስትባል፣ በማኅፀኗ ያለው ጽንስ ዕድሜው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

ከዚያ ቀን እስከ መውለጃው 280 ቀን ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መደመር ይበቃል፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 የጀመረ ሴት ሰኔ 11፣ ጥር 1 የጀመረ ደግሞ ጥቅምት 6 አካባቢ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሌላ ነው፤ እሱ የሚቆጠረው ከክርስቶስ ጽንሰት ከራሱ፣ ከመጋቢት 29 ነው። እስከ ልደቱ፣ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ነው።

እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ለመጸነስ ያላት ዕድሜ ከአንድ ቀን አይበልጥም። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። የሚገናኙትም ማኅፀን ውስጥ ሳይሆን በማኅፀን ቱቦ ውስጥ፣ እንቁላሏ ከወጣችበት አቅራቢያ ባለው ሰፊ ክፍል ነው። አንድ የነበረው ሴል በ30 ሰዓት ገደማ ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፤ እየተከፈለ ወደ ማኅፀን ይጓዛል። ሴሎቹ እየበዙ ሄደው ጽንሱ ግን አይገዝፍም፤ አሁንም የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። በአምስተኛው ቀን ሴሎቹ ሥራ ተከፋፍለዋል። በውጭ ያሉት የእንግዴ ልጁን ይሠራሉ፤ ከውስጥ በአንድ በኩል የተሰበሰቡት ጥቂቶቹ ሕፃኑን።

ወደ ማኅፀን ግድግዳ የሚጠጋው ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ በአብዛኞቹ ሴቶች እንቁላሏ ከወጣች ከ8 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ ይተከላል። አንዳንዷ በዚህ ጊዜ ጥቂት ደም አይታ የወር አበባዬ መጣ ትላለች። አልፎ አልፎ ጽንሱ መንገዱን ሳይጨርስ ቱቦው ውስጥ ይተከላል። ቱቦው ሊሸከመው አይችልም። ወሩ አልፎ በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ማዞር ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ቱቦው ከፈነዳ የእናትየውን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

የተተከለው ጽንስ ከሁሉ በፊት የወር አበባውን ማስቀረት አለበት። እንቁላሏ የወጣችበት ቦታ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን እያመነጨ የማኅፀኑን ግድግዳ ይዞ ያቆያል፤ ግን ዕድሜው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። መልእክት ካልደረሰው ይከስማል፤ ግድግዳውም ፈርሶ ደም ይሆናል። መልእክቱ ኤችሲጂ ነው፤ ጽንሱ ራሱ ወደ እናቱ ደም የሚለቀው ሆርሞን። ከፋርማሲ የምንገዛው የሽንት መመርመሪያም የሚፈልገው እሱን ነው። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ ስለሚሆን፣ ቸኩላ ተመርምራ የለም የተባለች ሴት ከጥቂት ቀን በኋላ ብትደግመው አለ ልትባል ትችላለች።

ይህ ሁሉ ሆኖም ብዙው አይዘልቅም። አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የ221 ሴቶችን የየዕለት ሽንት መርምረው በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተተከሉት ጽንሶች 22 በመቶ የሚሆኑት እርግዝናው በተለመደው መንገድ ሳይታወቅ ቀርተዋል። ታውቆ ከሚወርደውም ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ስሕተት ያለበት ነው፤ ስሕተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እንቁላሏ ስትበስል ወይም ገና ሲጸነስ ነው። ይህን ደጋግሞ መናገር ይገባል። ስንት ሴት እንስራ ስላነሣሽ ነው፣ ስለተናደድሽ ነው፣ ያማረሽን ስላልበላሽ ነው እየተባለች ባልሠራችው ነገር ስትወቀስ ኖራለች!

ከተጸነሰ በሦስተኛው ሳምንት የሚሆነው ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሁለት ንብርብር የነበረው የሴሎች ገበታ ሦስት ይሆናል። ከላይኛው ቆዳና ነርቭ ይመጣሉ፤ ከመካከለኛው ልብ፣ ደም፣ አጥንትና ጡንቻ፤ ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን። ወዲያው በጀርባው መሐል ለመሐል የሴሎች ሰሌዳ ይወፍራል፤ ጠርዞቹ ከግራና ከቀኝ ተነሥተው፣ ጎብጠው፣ ይገናኛሉ፤ ቱቦ ይሆናሉ፤ የነርቭ ቱቦ ይባላል። አንጎልና ሕብለ ሠረሠር ከዚህ ነው የሚሠሩት። መዘጋቱ ከአንገት አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ የራሱ በኩል በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የታችኛው በ28ኛው። በ22ኛው ቀን ገደማ ልብ መምታት ጀምሯል። በዚህ ሁሉ መሐል ጽንሱ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም።

ቱቦው ሲዘጋ የእናትየው ወር የዘገየው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ማቅለሽለሹ ገና መጀመሩ ነው፤ ያልጀመራትም አለች። የመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይሁን የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በትክክል ብትከተል እንኳ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ቱቦው ከተዘጋ አንድ ወር ሊያልፈው ይችላል።

ቱቦው ከላይ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል አይሟሉም፤ ሕፃኑም አይተርፍም። ከታች ከቀረ ሕብለ ሠረሠሩ ተጋልጦ ስፓይና ቢፊዳ ይሆናል፤ እግር አልታዘዝ ይላል፣ ሽንት አይቆጣጠርም፣ ብዙ ጊዜም ራስ ውስጥ ውኃ ይከማቻል። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ እኛ አገር ከብዙ የዓለም ክፍሎች እጅግ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። የሚያሳዝነው አብዛኛውን መከላከል መቻሉ ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመጸነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ከአይረን ጋር ሆኖ በክትትል ጊዜ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለነርቭ ቱቦው ግን ዘግይቷል። ለቱቦው የሚሆነው ከመጸነስ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚጀመር በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። እርግዝናው ሳይታቀድ ሊመጣ ስለሚችልም ብዙ አገሮች ፎሊክ አሲዱን ዱቄት ላይ ይጨምሩታል። ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ አስገዳጅ አድርጋለች። ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ገዝቶ በሰፈር ወፍጮ የሚያስፈጭ ቤት ግን በዚህ መንገድ አይደረስም፤ እዚያ ያለችው ሴት እንክብሉን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ከፋርማሲ ማግኘት አለባት፤ ያውም ለማርገዝ ስታስብ እንጂ ካረገዘች በኋላ አይደለም።

የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ወልዳ የነበረች ሴት የሚታዘዝላት መጠን 4 ሚሊግራም ነው፤ ከተለመደው ዐሥር እጥፍ፤ የሚሰጠውም በሐኪም ነው። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ይህን ችግር ሊያመጣ ስለሚችል፣ በራሷ ሳታቋርጥ፣ ከማርገዟ አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።